ሜዳው ተሠራ፣ ቡድኑስ?

ባለፈው ጥቅምት የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ፎቶ ተለጠፈ። ግሩፑ አንደኛ ደረጃን አብረን የተማርን ልጆች የተሰባሰብንበት ነው። ልጆች እላለሁ እንጂ ሁላችንም ወደ ሃምሳ ተጠግተናል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። አሥራ አራት ሆነን ሜዳ ላይ ተደርድረናል። ግማሾቻችን በባዶ እግራችን ነን። ሸራ ጫማ ያደረጉም አሉ። ታኬታ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም የታላቅ ወንድሙ ስለነበር ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆበታል። ከፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ «ሰኔ 1982» ተብሎ ተጽፏል።

ግሩፑ ከዚያ በፊት ለሳምንታት ጭር ብሎ ነበር። የበዓል ሰላምታና የለቅሶ መልእክት ብቻ ነበር የሚገባበት። ፎቶው ሲመጣ ሁሉም ነቃ። ዳላስ ያለው ተከላካያችን እዚያ ሌሊት ቢሆንም መተኛት አልቻለም። አቡዳቢ ያለው ከሥራ መልስ ታክሲ ውስጥ ሆኖ የድምፅ መልእክት ላከ። ክርክሩ ስለ አንድ ሪጎሬ ነበር። የዋንጫውን ጨዋታ ያሸነፈን የላይኛው ሰፈር ነው። ሪጎሬውን የሳተው ማን ነው? ሁለት ሰዎች «እኔ ነኝ» አሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ይዘውት ኖረዋል።

ነገሩ እንዳስብ አደረገኝ። የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪያችንን ስም ለማስታወስ ሦስት ሰው ተረባርቦ አቅቶናል። ግራ ተመላላሽ ማን እንደነበር፣ በረኛው በየትኛው እጁ እንደሚወረውር፣ ኳሱ ስንት ጊዜ እንደተለጠፈ ግን ሁሉም ያውቃል። ይሄ ዝም ብሎ የናፍቆት ወሬ አይመስለኝም። እንዲህ ልቅም ብሎ የሚታወስ ነገር አንድ ቁም ነገር ይሠራ ነበር ማለት ነው።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ልጆች ኳስ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሜዳ ነው። ሜዳ ጠፋ፣ ሜዳ ታጠረ፣ ሜዳ ተሠራ። ሜዳ ለልጆች ያስፈልጋል፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን በደንብ ሳየው ከሜዳው የበለጠ የጠፋው ቡድኑ ነው። ሜዳ በገንዘብና በትራክተር ይመለሳል። ቡድን እንዲያ አይመለስም።

መጀመሪያ ያ ቡድን ምን እንደነበር ልንገራችሁ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረቃ ነበር የምንማረው። የጠዋት ፈረቃ ከሆንክ ከምሳ በኋላ ነፃ ነህ። የከሰዓት ከሆንክ ጠዋትህ ያንተ ነው። ፈረቃው የመጣው ክፍል ስላልበቃ ነው። ለትምህርት ጥራት ጥሩ እንዳልነበር አስተማሪዎች ሁልጊዜ ይናገራሉ፣ እውነታቸውን ነው። ለኳስ ግን ተአምር ነበር። አንድ ልጅ በየቀኑ ግማሽ ቀን አለው። እናት ሥራ ላይ ናት፣ አባት ሥራ ላይ ነው። ልጁን የሚጠብቀው ሜዳውና ሜዳው ላይ ያለው ታላቅ ልጅ ነው።

ይሄ ታላቅ ልጅ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። በየሰፈሩ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው አንድ ወጣት ነበር፤ ትንንሾቹን ሰብስቦ ቡድን የሚሠራ። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይከፍለውም። እኛ ጋሼ እንለው ነበር። አሁን ሳስበው ያኔ እሱ ራሱ ልጅ ነበር። ማን እንደሚሰለፍ ይወስናል። የተጣላን ያስታርቃል። ትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ቅዳሜ አይሰለፍም፣ ይሄ ሕጉ ነበር። ለእናቶቻችን ቃል የሚሰጠውም እሱ ነው። «ከኔ ጋር ናቸው» ካለ ጎረቤት ሰፈር ድረስ ሄደን እንድንጫወት ይፈቀድልናል።

ገንዘብ ያዥም ነበረን። በየሳምንቱ ስሙኒ እናዋጣለን። ያጣ አሥር ሳንቲም ይሰጣል፣ ጭራሽ የሌለው ኳስ ይሸከማል። በካልሲ ኳስ ነው የጀመርነው። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ስፖንጅ ተጠቅጥቆ አፉ ይሰፋል። እሷ ኳስ አትነጥርም። ስለማትነጥር ደግሞ እግርህ ሥር ይዘህ መሄድን ትማራለህ። በኋላ በመዋጮው የቆዳ ኳስ ገዛን። ከመነዳሪው ሲፈነዳ ጎሚስታ ቤት ይዘነው እንሮጣለን። ጎሚስታው ብዙ ጊዜ አያስከፍለንም ነበር። ቅዳሜ ግን መጥቶ ሜዳው ዳር ይቆማል። ልጁ የሚጫወትበት አይደለም፣ ግን ቡድኑ የሱም ነው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ደምሩት። መሪ አለው፣ ደንብ አለው፣ ካዝና አለው፣ ቲፎዞ አለው፣ ድሃውን ልጅ የሚያስተናግድበት መንገድ አለው። በዛሬ ቋንቋ የልጆች ተቋም የሚባለው ይሄ ነው። በጀት አልነበረውም፣ ማኅተም አልነበረውም፣ ግን ነበር።

ነገሩ በኛ ዘመን የተጀመረም አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት መሥራቾቹ እነ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የአራዳ ወጣቶች ነበሩ። ዛሬ የምናውቀው ትልቅ ክለብ ሥሩ የአንድ ሰፈር ልጆች ስብስብ ነው። ከጊዜ በኋላ የዚያ ክለብ ሰው የሆኑት ይድነቃቸው ተሰማ እስከ አፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት ደረሱ። ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አሰልጣኙ እሳቸው ነበሩ። ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ያገቡት ተክሌ፣ ሉቻኖ፣ ኢታሎ፣ መንግሥቱ። ይሄን አባቶቻችን እንደ ጸሎት በቃላቸው ይሉት ነበር።

ከተማዋ ራሷ ምስክር ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ ሜዳ የሚባል ሰፈር አለ። በባላባት ወይም በቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠሩ ሰፈሮች በሞሉበት ከተማ አንዱ በኳስ ተጠርቷል።

በደርግ ጊዜ ሐምሌ 1967 ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ መጣ። ቀበሌ የብዙ ሰው ቁስል ያለበት ስም ነው፣ ያንን አልረሳም። ለኳስ ግን አንድ ነገር አደረገ። ለሰፈር ወሰን ሰጠው። ቀበሌ ከቀበሌ፣ ከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ ያለው መዋቅር) ከከፍተኛ መግጠም መጣ። የክረምት ውድድር፣ ማልያ፣ ዳኛ፣ ፎርፌ። የቀበሌ መዝናኛ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበረች። ሰኔ 1 ቀን 1982 የጣሊያኑ የዓለም ዋንጫ ሲከፈት እሷን ከበን ነው ያየነው። ካሜሩን በዘጠኝ ሰው ጨርሳ አርጀንቲናን 1 ለ 0 አሸነፈች። ከቀናት በኋላ ሮጀር ሚላ ሩማንያ ላይ ሁለት ሲያገባ ደግሞ ሜዳችን ላይ አራት ሮጀር ሚላ ነበር። ሁሉም ጎል ሲያገባ ማዕዘኗ ጋ ሄዶ ይጨፍራል።

ያ ዓመት ሌላም ፊት ነበረው። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ አፈሳው ጠና። ቁመታቸው የረዘመ ልጆች ሜዳ መውጣት ፈሩ። ጋሼ የምንለው ልጅ አንድ ቀን አልመጣም። ፎቶው ላይ እሱ የለም። ፎቶው ከመነሳቱ ጥቂት ሳምንት በፊት ነው የተወሰደው። አልተመለሰም። ግሩፓችን ውስጥ ስለ ሪጎሬው ስንከራከር ቆይተን የሱ ነገር ሲነሳ ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ አንዱ «ቡድኑን ያኔም ያፈረሰው የታላላቆቹ መሄድ ነው» ብሎ ጻፈ። ልክ ነው። ሜዳው ያኔ እዚያው ነበር። የጠፋው ልጁ ነው።

ወደ ዛሬው ልምጣ።

ሜዳዎቹ እንዴት እንደሄዱ ሁሉም ያውቀዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ከተማዋ ወደ ላይም ወደ ጎንም ፈነዳች። ክፍት ቦታ ሁሉ የሆነ ነገር የሚሠራበት መሬት ሆነ። ኮንዶሚኒየም ተሠራ፣ እሰየው፣ ስንቱ ቤት አገኘ። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን ሆነ፣ መኪና በዛ፣ ድንጋይ ደርድሮ ጎል መሥራት ቀረ። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶውን መሬት ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ የሚል መርሕ ይዟል። በወረቀት ጥሩ ነው። ትልቁ ጃን ሜዳ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ሆኖ ከርሟል። ለ2013ቱ ጥምቀት ነው የተለቀቀው። ያኔ የነበረው ችግር ከባድ ነበር፣ ይገባኛል። ግን ክፍት ሜዳ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው «እዚህ ምን እናስቀምጥ» መሆኑን ያሳያል።

የልጆች ሰዓትም ተቀየረ። ሙሉ ቀን ትምህርት መጣ። የግል ትምህርት ቤቶች በዙ። ብዙዎቹ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ የተከፈቱ ናቸው፤ ግቢያቸው ለሰልፍ እንጂ ለኳስ አይበቃም። ልጁ በሰርቪስ ይሄዳል፣ በሰርቪስ ይመጣል፣ የቤት ሥራ ይጠብቀዋል። በሩ ላይ ቆሞ በፉጨት የሚጠራው ጓደኛ የለም።

ለኔ ግን ዋናው ምክንያት የሰው መበተን ነው። የሰፈር ቡድን የሚቆመው አንድ ልጅ አምስት ዓመት ሲሞላው የሚያየው ቡድን አሥራ አምስት ሲሞላው ራሱ የሚመራው ከሆነ ነው። አሥር ዓመት አንድ ቦታ መኖርን ይጠይቃል። የኛ ሰፈር ሰው በተለያየ ጊዜ ለልማት ተነሳ። አንዱ ጀሞ ደረሰው፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ደግሞ ፒያሳን ጨምሮ ብዙ ነባር ሰፈር ተነሳ። አዲሱ ቤት ካሮጌው ሊሻል ይችላል። ሽንት ቤት አለው፣ ውኃ አለው። ግን ቤት በዕጣ ሲሰጥ ጎረቤትም በዕጣ ይሆናል። አብሮ ያደገ ሃያ ልጅ ሃያ ብሎክ ላይ ተበተነ። አዲሱ ቦታ ላይ ታላቅ ልጅ አለ፣ ትንሽም ልጅ አለ። «ከኔ ጋር ናቸው» የሚል ግን የለም። እናትየው አታውቀውማ!

እውነት ለመናገር ከተማው ባለፉት ዓመታት የልጆች መጫወቻና የኳስ ሜዳ መሥራቱን አይቻለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ሰው ሠራሽ ሣር፣ መብራት፣ አጥር። እኛ ጭቃ ላይ ተንከባለን ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር በሕልማችንም አላየንም። አብዛኞቹ ግን ትንንሽ ሜዳዎች ናቸው። አንድ ሙሉ ሜዳ በደረጃው 105 በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ነው። 40 በ20 የሆነ ትንሽ ሜዳ 800 ካሬ ብቻ ይወስዳል። መሬት ውድ በሆነበት ከተማ ለምን ትንሹ እንደሚመረጥ ግልጽ ነው። ትንሽ ሜዳ ላይ ኳስ ብዙ ጊዜ እግርህ ይገባል፣ አብዶ ለመልመድ ጥሩ ነው። ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ሜዳው በሰዓት ይከራያል። ማታና ቅዳሜ የሚይዘው ደመወዝ ያለው ጎልማሳ ነው፤ እኔና ጓደኞቼን ጨምሮ። የአሥር ዓመት ልጅ አጥሩን ይዞ እኛን ያያል።

ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ስድስታችን ተገናኝተን ተጫወትን። ለአንድ ሰዓት ነበር የከፈልነው። ሰዓቱ ሲሞላ ቀጣዮቹ ገቡ። በልጅነታችን ጨዋታ የሚያልቀው ኳሱ ሳይታይ ሲቀር ነበር። ከጨዋታ በኋላ እዚያው ሣሩ ላይ ተዘርግተን ስለ ጨዋታው የምናወራው ሰዓት ከጨዋታው ይረዝም ነበር። ወዳጅነቱ የተሠራው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ያንን ሰዓት ማንም አያከራይም።

ይሄ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ይገናኛል። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ፣ ጥቅምት 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከተማው ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር፣ እነዚያ ተጫዋቾች በአብዛኛው በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ያደጉ ናቸው። በ1993 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን አርጀንቲና ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ተሳትፏል። ከኛ ጥቂት ዓመት የሚያንሱ ልጆች ናቸው። የነሱን እድገት በሰፈር ቡድን ብቻ አላብራራም። ብዙ ነገር ይኖረዋል። ግን እንደኛው የካልሲ ኳስና የፈረቃ ዘመን ልጆች መሆናቸው ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ስታዲየም ነው። ከ2014 ወዲህ የአገራችን ሜዳዎች ደረጃ ስላላሟሉ ብሔራዊ ቡድኑ «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ቆይቷል። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ድል በገዛ ሕዝብ ፊት አለመሆኑ ያንገበግባል። የአደይ አበባ ስታዲየም ጉዳይ፣ የአፍሪካ ዋንጫን የማስተናገድ ፍላጎት፣ ሁሉም ትልቅ ነገር ነው። ግን 60 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ውስጥ የሚሮጡት ሃያ ሁለት ልጆች ከየት ነው የሚመጡት? አካዳሚ ጥሩ ነው፣ ግን አካዳሚ የሚቀበለው የተመረጠ ልጅ ነው። ለመመረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሆነ ቦታ መታየት ያስፈልጋል። ያንን ይሠራ የነበረው ቅዳሜ ሜዳ ዳር የሚቆመው ጎሚስታ፣ የቀበሌው ውድድር፣ የትምህርት ቤቶች ጨዋታ ነው።

አንድ ነገር ግን ማለፍ አልፈልግም። ግሩፑ ውስጥ ክርክሩ ሲሞቅ ከሴት ጓደኞቻችን አንዷ ጻፈች። «እኔ ከአራታችሁ እበልጥ ነበር። ያሰለፈኝ ግን አልነበረም።» እውነቷን ነው። በትምህርት ቤት ግቢ ስትጫወት አይተናታል። ቅዳሜ የሰፈሩ ሜዳ ላይ ግን ዳር ቆማ ልብስ ትጠብቅልን ነበር። ያ ያልኳችሁ ድንቅ ተቋም ግማሹን ልጅ ዘግቶ ነው የኖረው። መስከረም 1997 ሉሲዎቹ በሴቶች የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ሲወጡ እነማን ሜዳ ላይ እንዳይገቡ ተከልክለው እንዳለፉ አስቡት። ስለዚህ «የድሮው ይመለስ» አልልም። የድሮው ቢመለስ እሷ ዛሬም ልብስ ጠባቂ ናት።

የሰፈር ቡድን ያለ ሰፈሩ ሊኖር እንደሚችል ያሳዩን ደግሞ ከአገር የወጡት ናቸው። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ሳምንት ገደማ ከተማ እየቀያየረ ውድድሩን ያካሂዳል። ዳላስ ያለው ጓደኛችን አያመልጠውም። ኳሱን ለማየት ነው የሚሄደው? በከፊል። ዋናው ግን ሜዳው ዳር ካለው ድንኳን ሥር የድሮ ክፍል ጓደኛ ማግኘት ነው። እነዚህ ሰዎች ከአንድ ሰፈር አልመጡም፣ አንድ ብሎክ ላይ አይኖሩም፣ አንዳንዱ ሦስት ሰዓት በረራ ይርቃል። ግን ቡድን ሠሩ፣ መዋጮ አደረጉ፣ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። እዚያ ማንም ሜዳ አልሰጣቸውም፣ ይከራያሉ። ቡድኑ ስላለ ሜዳው ይገኛል። እኛ ዘንድ ተገልብጦ ሜዳው አለ፣ ቡድኑ የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚል፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው የሚታየኝ። ወረዳው አዲሶቹን ሜዳዎች በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለልጆች በነፃ ይልቀቅላቸው፤ ከትምህርት መልስ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ያንን ሰዓት ጎልማሳ በገንዘቡ አይግዛው። ከዚያ በየሜዳው አንድ ታላቅ ልጅ ይኑር። አሥራ ስምንት፣ ሃያ ዓመት የሞላው፣ እዚያው የሚኖር፣ ወላጆች የሚያውቁት። ትንሽ አበል ቢሰጠው አይከፋም፤ የኛው በነፃ ሠራ ብሎ የዛሬውን በነፃ አሠሩት ማለት ደግ አይደለም። ብሎክ ከብሎክ ይግጠም፣ የሴቶችም ቡድን ይኑር። የክረምት ውድድሩ ይመለስ። ክረምት ላይ ልጁ ጊዜ አለው፣ ወላጅም መላ ያጣል።

ከመካከላችን አንዱ መጠበቅ አልቻለም። ያኔ በረኛችን የነበረው፣ ዛሬ አስተማሪ ነው። ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት የብሎኩን ልጆች ይሰበስባል። መጀመሪያ ቀን አምስት መጡ። አሁን አሥራ ሰባት ደርሰዋል፣ ስድስቱ ሴቶች ናቸው። ኳሱን ግሩፑ አዋጥቶ ገዛ። ዳላስና አቡዳቢ ማልያውን እንችላለን አሉ። ለማልያው ስም ያስፈልጋልና የድሮ ቡድናችንን ስም ላክንላቸው፣ ከነፎቶው።

ልጆቹ ፎቶውን አይተው ሳቁ። ስሙን ግን አልፈለጉትም። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የራሳቸውን ሲከራከሩ ከርመዋል፣ እስካሁን አልተስማሙም።